የደረስጌ ቀብድ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ ዓይኑ የወደደውን አግኝቶ ገንዘቡ ባይሞላለት አንድ መላ አለው። ቀብድ ይሰጣል። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ፣ ሌላ ገዢ መጥቶ ዋጋ ቢጨምርለት እንኳ «ይህ በሬ ሰው ይዞታል» ማለት አለበት። ካላለ ገበያው ይታዘበዋል፤ ሽማግሌም ይወቅሰዋል። በሬው ገና የገዢው አልሆነም፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው እንዳይሆን ሆኗል። ቀብድ ማለት እንግዲህ በጥቂት ብር የተገዛ ቀዳሚነት ነው።

ወደዚህ ገበያ የመለሰኝ አንድ የትርጉም ሥራ የያዘ ወዳጄ ነው። «ፕሪኤምፕት» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ምን ትላታለህ ሲል ጠየቀኝ። «ቀደመ» አልሁት። ቅር አለው። «ሯጭም ይቀድማል፤ አውቶቡስም አውቶቡስን ይቀድማል። ይህ ቃል ግን ከዚያ የከፋ ነገር አለበት» አለኝ። እውነቱን ነበር። ቃሏን ይዤ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ሄጄ ሄጄ ያረፍሁት ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን ይልቅ በሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ በጃናሞራ ምድር፣ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኗ ደረስጌ ማርያም ናት።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ቃሏን እንፍታ። ሥሯ ላቲን ነው። «ፕራይ» በፊት፣ «ኤሜሬ» ደግሞ መግዛት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ትርጉሟ መምታትም መሮጥም ሳይሆን «ቀድሞ መግዛት» ነበር። ከሌላው ገዢ በፊት የመግዛት መብት በሕግ ቋንቋ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። እኛም ዘንድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የጋራ ባለሀብት ድርሻውን ለባዕድ ሲሸጥ ሌሎቹ ባለድርሻዎች ቅድሚያ እንዲያገኙ ይፈቅዳል።

ቃሏ ወደ ግስነት የተሻገረችው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። በመንግሥት መሬት ላይ ሰፍሮ፣ ጎጆ ቀልሶና መሬቱን አቅንቶ የተገኘ ሰው፣ መሬቱ ለሐራጅ ከመቅረቡ በፊት እስከ 160 ኤከር ድረስ፣ ኤከሩን በትንሹ በአንድ ዶላር ከሩብ ሒሳብ እንዲገዛ መብት ሰጠው። 160 ኤከር 65 ሄክታር ያህል ነው። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ላቡን ያፈሰሰ ይቅደም። ሕጉ ያልጠየቀው ጥያቄ ግን አለ። «የመንግሥት» የተባለውን መሬት ከሰፋሪው በፊት ማን ይዞት ነበር? የአገሬው ተወላጆች፣ ቀይ ሕንዶች የሚባሉት ሕዝቦች ይዘውት ነበር። ቀዳሚ የተባለው ሰው ሌላ ቀዳሚ ነበረበት። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ደረስጌ ላይ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ ቃሏ ከመሬት ወደ ሌላው ኑሮ ሁሉ ተዛመተች። በስብሰባ ላይ ሌላው ሊናገር ያሰበውን አስቀድሞ ተናግሮ አፉን ማስያዝ «ፕሪኤምፕት» ማድረግ ነው፤ እኛ «ከአፌ ነጠቅኸኝ» የምንለው ዓይነት። ቴሌቪዥን የተለመደውን ዝግጅት አጥፎ በቦታው አስቸኳይ ዜና ሲያቀርብም ይኸው ቃል ይነገራል። በመጨረሻ የጦር ሰዎች ወሰዷት። ጠላት ሊመታኝ እጁን አንሥቷልና ሳያወርደው ልምታው ማለት ሆነች። ዛሬ ቃሏን የሚሰማ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ይኸው የጦርነቱ ፍቺ ነው።

የኛው «ቀደመ» በበኩሉ ሌላ ጠባይ አለው። ጊዜንም ክብርንም አብሮ ይይዛል። ቀዳማዊ የንጉሥ ማዕርግ ይሆናል። ቅድሚያ ለሽማግሌ ይሰጣል። ቅዳሜያችንም ከእሑድ ስለምትቀድም ቀዳሚት ሰንበት ናት። ከሁሉ የሚገርመው «ቀድሞ» የምትለዋ ነች። «ቀድሞ መታው» ስንል ፈጣኑን፣ «ቀድሞ እንዲህ ነበር» ስንል ያለፈውን እንናገርባታለን። ዛሬ የቀደመ ነገ «የቀድሞ» ይሆናል። አባቶች ይህን ሲያውቁት «ከጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ ጆሮን በለጠ» ብለው ተረቱ።

የጎንደር ነገሥታት ቀድሞ የመከላከልን ነገር ሥርዓት አድርገው ይዘውት ነበር። በበለሳ በኩል ዙሪያው ገደል የሆነ ወህኒ የሚባል አምባ አለ። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የንጉሥ ዘር ያለባቸው ወንዶች፣ ከነገሡት በስተቀር፣ በዚያ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ያመፁ አልነበሩም፤ ሊያምፁ የሚችሉ ነበሩ እንጂ። ዛሬ እስር ቤትን ሁሉ «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚሁ አምባ ስም ተነሥተን ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሌላ ቃል አለው፤ «ፕሪቬንት» ይለዋል። ሥሩ በላቲን «ቀድሞ መምጣት» ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ቢመስሉም ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። አንደኛው እጁን ላነሣ ጠላት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ቀን እጁን ያነሣ ይሆናል ተብሎ ለተጠረጠረ። በመጀመሪያው ማስረጃው ከፊት ለፊት ይታያል፤ በሁለተኛው ማስረጃው ያለው በፈሪው ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ወህኒ አምባ ሁለተኛው ነው። ውጤቱስ? አፄ በካፋ ከወህኒ አምልጠው የነበሩ ሰው ናቸው፤ ነገሡም። በዘመነ መሳፍንት ደግሞ መሳፍንቱ እንደ አሻንጉሊት የሚያነግሡትንና የሚሽሩትን ልዑል የሚያወርዱት ከዚያው አምባ ነበር። ዙፋኑን ለመጠበቅ የተበጀው አጥር የዙፋኑ መጫወቻ ማከማቻ ሆኖ አረፈው።

አሁን ወደ ደረስጌ እንውጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባል ነበር፤ ሥልጣኑ ግን በደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁው ራስ ዓሊ እጅ ነበር። በሰሜንና በትግራይ የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይህን ለመገልበጥ ያስቡ ነበር። ውቤ ችኩል ሰው አልነበሩም። በዚያ ዘመን ያለ ጳጳስ ቀብቶ ማንገሥ አይቻልምና አስቀድመው ወደ ግብፅ መልእክተኛና ገንዘብ ልከው በ1833 ዓ.ም. አቡነ ሰላማን አስሾሙ። ጳጳስ ያለው ዘውድ አለው። ይህ በላቲኑ ትርጉም ቃል በቃል ቀድሞ መግዛት ነበር፤ የዘውድ ቀብድ ነበር።

በ1834 ዓ.ም. ውቤ ጳጳሱን ይዘው ደብረ ታቦር ድረስ ዘመቱ። ራስ ዓሊን ድል መቱ፤ ዓሊም ሸሹ። የአሸናፊው ጦር ተበትኖ ይዘርፍና ይደሰት ጀመር። በዚህ መካከል የዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ውቤን በሰፈራቸው እንዳሉ ማረኳቸው። ጠዋት ድል ያደረገው ማታ ምርኮኛ ሆነ። ኋላ ታርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የንግሥናው ተስፋ ግን አልተነቀለባቸውም። በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያማረች አድርገው አሠሩ። የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ እንደሚናገረው ያሠሯት ሊነግሡባት ነበር።

በዚያው ዘመን ከቋራ በኩል አንድ ሌላ ሰው ተነሣ። ካሣ ኃይሉ እንደ ውቤ ሰፊ ግዛት አልነበረውም፤ ጳጳስም አላስመጣም፤ ቤተ ክርስቲያንም ለዘውድ አላሠራም። የነበረው ሀብት ፍጥነት ነው። የዓሊን እናት እቴጌ መነንን በ1839 ዓ.ም. ማረከ። ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን እንደማይበቃ ቶሎ ተምሯል። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር ላይ ወርውሮ ሲገባ መድፍና የሠለጠነ ወታደር ጠበቀው፤ ክፉኛ ተመታ። በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየበት ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የካሣ አመታት ተለወጠ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ገጠመ፤ ጎሹም ወደቁ። በሚያዝያ ታኩሳ ላይ የዓሊንና የተባባሪዎቹን ጦር አሸነፈ፤ ውቤን በደብረ ታቦር የማረኩት ብሩ አሊጋዝ በዚሁ ጦርነት ላይ ነበሩ። በሰኔ አይሻል ላይ ራሳቸው ዓሊ ተሸነፉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጦርነት! መሳፍንቱ በአንድነት ቢነሡበት አይችላቸውም ነበር። ስለዚህ አንድ እስኪሆኑ አልጠበቃቸውም፤ በየተራ ያዛቸው።

የቀሩት ውቤ ናቸው። እዚህ ላይ ካሣ ቃሏን በጥንታዊ ትርጉሟ የተረዳት ይመስላል። ጦር ከማንሣቱ በፊት ውቤ የገዙትን ነገር ከእጃቸው ወሰደ። አቡነ ሰላማ ካቶሊኮችን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ካሣም በጎንደር የነበረውን ሚሲዮናዊ ዴ ያኮቢስን አስወጥቶ፣ የጳጳሱን ሃይማኖት ደግፎ በ1846 ዓ.ም. አቡኑን ወደ እርሱ አመጣ። ዘውድ የሚጭነው እጅ አሁን ከካሣ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰሜን ተራሮች የገሠገሠው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ተዋጉ። ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። ያከማቹት ሀብትና ጠመንጃ ለአሸናፊው ሆነ። ገና ቀናት ሳያልፉ፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሣ ተቀብቶ ዘውድ ጫነ። ስሙም ያንድ ሌላ ነገር ቅድሚያ ነበር። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚመጣ ተጽፎ ሕዝቡ ይጠብቅ ነበር። ካሣ ያንን ስም ሌላ ሳይወስደው ወሰደው። በአማርኛችን ሰውን ከአንተ ወደ አንቱ የሚያሻግረው ዘውድ ነውና እኔም እስካሁን «ካሣ» እያልሁ በአንተ የጠራሁትን ሰው ከዚህ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ እላቸዋለሁ።

እንግዲህ የ1841ዱን የአሜሪካ ሕግ ከደረስጌ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ያ ሕግ በወረቀቱ ላይ ያቀናው ይቅደም አለ። ደረስጌ ግን ያቀናው ተቀደመ። ጳጳሱን ያስመጡት፣ መቅደሱን ያሠሩት፣ ግምጃውንና ጠመንጃውን የሰበሰቡት ውቤ ናቸው። ቀብዱን ውቤ ከፈሉ፤ ዕቃውን ካሣ ወሰደ። ውቤም ቀሪ ዘመናቸውን በእስር ጨረሱ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች። ከሁለቱ የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ በመቅደላ ጦርነት ማግሥት ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። የአሸናፊውም የተሸናፊውም ደም በአንድ ልጅ ገላ በባዕድ አፈር አረፈ።

ይህን ስል ካሣ አጠፋ ለማለት አይደለም። አገር በመሳፍንት ሽኩቻ ተበትና ነበር፤ የሚሰበስባት ያስፈልጋት ነበር። ውቤ ቢነግሡ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም ሊፈርድ አይችልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የቀደመ ሰው የያዘውን ነገር ዋጋ ከፍሎ አልጨረሰም፤ ዋጋው ከኋላው ይከተለዋል። አፄ ቴዎድሮስ መሳፍንቱን በየተራ ቀድመው አሸነፏቸው፤ የመሳፍንቱን አገር ግን በየተራ ሲያምፅባቸው ኖረ። ያልተገዛ ልብ በሰይፍ ቢያዝም አይያዝም። በ1859 ዓ.ም. የራሳቸውን የጎንደርን ከተማ አስዘረፉ፤ አስቃጠሉ። በ1845 ፍጥነታቸው አንድ እንዳይሆኑ ያደረጋቸው ጠላቶች፣ ኋላ በየአገሩ ተነሥተው ከበቧቸው።

ከቴዎድሮስ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ቀድሞ መምታትና ቀድሞ መያዝ የተለያዩ መሆናቸውን ጎንደር በራሷ ላይ አየችው። በዚያን ጊዜ በምዕራቡ ድንበር ከሱዳን መሐዲስቶች፣ እኛ ደርቡሽ ከምንላቸው ጋር ግጭቱ በርትቶ ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የደርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ፤ ከተማውንም አቃጠሉ። ድሉ ትልቅ ነበር። ግን ተመልሰው ሄዱ። መተማን አልያዙም፤ በሩንም አልዘጉም። ልክ በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ አቡ አንጃ ከፍ ያለ ጦር ይዞ መጣ። ደንቢያ ውስጥ ሣር ውኃ ላይ ንጉሡን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፤ ሕዝቡ ተገደለ፤ ብዙ ሰው ተማርኮ ተወሰደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ያዳናት ከደጇ የተነሣ የንብ መንጋ ነው ይላል አፈ ታሪኩ። መተማ ላይ በተመታው ምት የተከፈለው ዋጋ ከመተማ ርቆ፣ ምቱን ባልመታው የጎንደር ከተሜ ላይ ወደቀ። በዚሁ ድንበር አፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ሕይወታቸውን አጡ።

የዓለም ሕግ አዋቂዎችም ስለ ቀድሞ መምታት ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1837 የእንግሊዝ ወታደሮች ከካናዳ ተሻግረው፣ አማፂዎችን ትረዳለች ያሏትን «ካሮላይን» የተባለች መርከብ በአሜሪካ ዳርቻ አቃጠሉ። በዚያ ሰበብ በተደረገው ክርክር የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሹም ዳንኤል ዌብስተር አንድ መመዘኛ አስቀመጠ። ቀድሞ መምታት የሚፈቀደው አደጋው ከደጃፍ ሲደርስ፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ለመመካከርም ጊዜ ሲታጣ ብቻ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በሰኔ 1967 የግብፅን አውሮፕላኖች በየሜዳቸው እንዳሉ ስትመታ ይህ መመዘኛ ተሟልቶ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ዛሬም ያነታርካል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ኢራቅን ስትወርርም ስሙ ይኸው ነበር፤ ተደብቋል የተባለው የጅምላ መጨረሻ መሣሪያ ግን ተፈልጎ አልተገኘም። የወህኒ አምባ ፍርሃት የደባርቂን ጎራዴ ታጥቆ ወጣ ማለት ነው።

ወደ ራሳችንም እንምጣ፤ ቁስሉ ገና ነውና በጥንቃቄ። በጥቅምት 1413 መባቻ ማለቴ አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ትግራይ ውስጥ በነበረው በሰሜን ዕዝ ላይ ጥቃት ተፈጸመ። ከሕወሓት ሰዎች አንዱ በኋላ በቴሌቪዥን ቀርበው ጥቃቱን «መብረቃዊ» አሉት፤ ሊመቱን ሲሰናዱ ቀደምናቸው የሚል ነበር ማስረጃቸው። የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ ያልተተነኮሰ ክህደት ነው አለ፤ ዘመቻውንም በዚያው ጀመረ። ሁለት ዓመት የፈጀ ጦርነት ሆነ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ እሳቱ እስከ ሰሜን ጎንደር፣ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ጭና ላይ የገበሬ ቤተሰብ አለቀ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያለቀው ሕዝብ የየትኛውም «ቀደምን» ባይ ውሳኔ ላይ ድምፅ አልሰጠም። የመተማው ምት ጎንደር ላይ እንደወደቀ፣ የዚያ ሌሊት ምትም ያልመቱት ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ለወዳጄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። «ፕሪኤምፕት»ን በአንድ የአማርኛ ቃል አልተረጉመውም። በገበያ ቀብድ ይዞ ማስቀረት እለዋለሁ፤ በጨዋታ ከአፍ መንጠቅ፤ በጦር ሜዳ ቀድሞ መምታት። አደጋን ከሥሩ ለማቃናት ሲሆን ደግሞ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይበቃል። በቅጠል የሚያጠፋ ሰው ቤት አያቃጥልም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ምን ያህል እንደማይረባ የታወቀ ነው፤ ጅብ ይመጣ ይሆናል ብሎ የጎረቤቱን ጥጃ የሚነክሰው ግን ከእርሱ የባሰ ነው።

ቃሉ በጆሮዬ ሲገባ ግን ከእንግዲህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የተቀደመው እጁን አንሥቶ ነበር ወይስ ተጠርጥሮ ብቻ? ቀብዱንስ ማን ከፈለ? ደረስጌ ማርያም ዛሬም በሰሜን ተራሮች መካከል ቆማ አለች። ወደዚያ የሚወጣ እንግዳ ቴዎድሮስ የነገሡባት ብሎ ይጎበኛታል። ያሠሯት ውቤ መሆናቸውን ግን የአገሩ ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል።